መክደን የመሰለኝ ቃል

የልጄን ኮት መጀመሪያ ያሸተትኩት ሳላስበው ነው። ከሥራ ስገባ ከመስቀያው ወድቆ ወለሉ ላይ አገኘሁት፤ አንስቼ ልሰቅለው ስል ሸተተኝ። ሲጋራ አይደለም። የሲጋራን ሽታ አውቀዋለሁ፣ አባቷ አብረን በነበርንበት ጊዜ ያጨስ ነበር። ይሄ እርጥብ ሣር ተቃጥሎ የጠፋ ይመስላል፣ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ያቅለሸልሻል። ሄልስፊር በሚባል ሰፈር የማጸዳው ቢሮ ከኋላው ደረጃ አለው፣ ወጣቶች ይቀመጡበታል። ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ያው ሽታ እዛ አለ። አብራኝ የምትሠራ ሴት አንድ ቀን አፍንጫዋን ይዛ "ሃሺሽ ነው" ብላኝ ስለነበር አወቅኩት።

ኪሱን ፈተሽኩ። አንድ እጅ ጓንት፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የከንፈር ቅባት፣ ከሥር ደግሞ ትንሽ የከረሜላ ቆርቆሮ። ከፈትኩት። ከረሜላ አይደለም። መልሼ ዘጋሁት፣ ከነበረበት አስገባሁት፣ ኮቱን ሰቀልኩት። ከዚያ ሄጄ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። የማወራው ሁሉ ከዚያ ስለሚነሳ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። በማላውቀው ቁጥር ስልክ ሲጠራ ልቤ ይመታል። የፖሊስ መኪና ሳይ ምንም ሳላጠፋ ቀጥ ብዬ፣ ተጠንቅቄ እራመዳለሁ፤ እንደዚያ ስራመድ ደግሞ ይበልጥ አጥፊ እመስላለሁ። ልጄ ትንሽ ሆና ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ ከቁስሉ ይልቅ ባርነሃገው፣ የሕፃናት መዋያው ማለት ነው፣ የሚጠይቁኝ ነበር የሚያስጨንቀኝ፤ "እንዴት ተላጠ? ማን ነበር አብሯት?" ቢሉኝ ብዬ መልሴን በኖርስክ፣ በኖርዌይኛ፣ እየደጋገምኩ አጠና ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ኖርስክም የገባኝ ከሥራ ቦታና ከልጄ አፍ ነው።

ልጄ አንድ ናት። እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ አመሩድ ነው ያደገችው፣ ከነዚያ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ። አሁንም አብረን ነን። የነርስ ትምህርት የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነበረች፤ ከገና በኋላ ላምበርትሴተር ባለ የአዛውንቶች መጦሪያ ልምምድ ልትጀምር ነበር። ለዚያ ደግሞ ከወንጀል ነጻ የሚል የፖሊስ ወረቀት ይጠይቃሉ። ወረቀቱ ገና አልመጣም። እኔ እንግዲህ ያንን ቆርቆሮ ያገኘሁት በዚህ መሃል ነው። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ ያንን ይዛ መንገድ ላይ ትያዛለች፣ ስሟ ይጻፋል፣ ነጩ የነርስ ልብስ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ወለል ያጸዳሁለት ነገር በአንድ የከረሜላ ቆርቆሮ አለቀ።

ከየት እንዳመጣችው ለመገመት ብዙ አልተቸገርኩም። ካቻምና ቅጠል ሲረግፍ ለግማሽ ዓመት ለትምህርት ሆላንድ ሄዳ ነበር። እዛ ሳለች አንድ ቀን በቪዲዮ ስናወራ መንገድ ላይ ቆማ ነበር፤ ከኋላዋ አረንጓዴ መብራት ያለው ቤት አየሁ፣ "ኮፊ ሾፕ" ይላል። እንግሊዝኛ አልችልም፣ ግን ኮፊ ሾፕ የማያውቅ የለም።

"ቡና ቤቱ ከቤትሽ አጠገብ ነው?" አልኳት።

"ያ፣ እማ፣ አዎ። እኛ ከላይ ነን፣ እሱ ከታች።"

"ጥሩ ነው። እዛ ቁጭ ብለሽ አጥኚ፣ ይሞቃል።"

ሳቀች። አጠገቧ ላለች ጓደኛዋ በእንግሊዝኛ ነገረቻት፣ እሷም በሳቅ ሞተች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አፈርኩ። ቡና ቤት እኮ እኛ ሀገር መጠጥ የሚሸጥበት፣ ሴቶች የሚቀመጡበት ነው፤ ካፌ ማለት ነበረብኝ፣ ለዚያ ነው የሳቁብኝ አልኩ። በነጋታው ደውዬ "ካፌ ማለቴ ነው" ብዬ አረምኩ። አሁንም ሳቀች። እኔ ራሴን አርሜ ተረጋጋሁ።

ቆርቆሮውን ካገኘሁ በኋላ ግን ያ አረንጓዴ መብራት ትዝ አለኝ። አደይ ዘንድ ወረድኩ።

አደይ ከእኛ በታች ያሉ ኤርትራዊት አሮጊት ናቸው። አስመራ ተወልደው መርካቶ ስላደጉ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። ልጆቻቸው ኦስሎ ስላሉ ወደዚህ መጡ እንጂ ብዙ ዓመት የኖሩት ሮተርዳም ነው፣ ሆቴል እያጸዱ። አሁን ጡረታ ወጥተው ቁጭ ብለዋል። ቴሌቪዥናቸው ሁሌ ክፍት ነው፣ ድምፁ ግን ሁሌ ዝግ፤ ሰላታቸውን ሲሰግዱ ብቻ ጀርባቸውን ይሰጡታል።

"አደይ፣ እርስዎ ሆላንድ ኖረዋል አይደል?"

"ኖርኩ እንጂ። ጉልበቴን እዛ ነው የተውኩት።"

"ኮፊ ሾፕ ምንድን ነው?"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ምን ልትገዢ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ?"

"ኧረ ለሰው ነው። ሰው ጠይቆኝ ነው።"

"እሺ። ቡናም አለው። ግን ለቡናው ብሎ የሚገባ የለም። ሃሺሽ ነው የሚሸጡት፣ እንደ ሻይ ቅጠል እየመዘኑ።"

"ይፈቀዳላ?"

"አይፈቀድም።"

"ታዲያ ፖሊስስ?"

"ፖሊስ በበሩ ያልፋል፣ ያያል፣ ይሄዳል።"

"ጉቦ ይበላል በሉኛ!"

"አንቺ ደግሞ! ጉቦ ምን አመጣው? መንግሥት ራሱ ነው እንዲህ ያለው።" ጣታቸውን እየቆጠሩ ነገሩኝ። መጠጥ አትሽጥ ይሉታል። ልጅ አታስገባ። ጎረቤት አትረብሽ። ማስታወቂያ አትለጥፍ። ለአንድ ሰው ከትንሽ በላይ አትስጥ። ይሄን ከጠበቅህ አንነካህም። "ሕጉ ግን እዛው አለ። ክልክል ነው ይላል፣ ዛሬም ይላል። አልሰረዙትም።"

እኔ አልገባኝም። ክልክል ከሆነ ክልክል ነው፣ ካልሆነ አይደለም። እንደዚያ ነው የማውቀው።

"እኔን ደግሞ የሚገርመኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሉ አደይ፣ እየሞቃቸው። "ባለሱቁ መሸጡን ይሸጣል። ዕቃውን ከየት ያመጣዋል? የሚያበቅለው ይታሰራል። ጭኖ የሚያመጣለት ይታሰራል። በፊት በር ሲወጣ ዝም፣ በጓሮ በር ሲገባ ወንጀል።"

"እንዴት ይሆናል ይሄ?"

"ባለሱቁን ጠይቂው። እኔ አንሶላ ነበር የምቀይረው።"

ስነሳ በር ላይ ቆሜ "ይሄን ነገራቸውን ምን ይሉታል?" አልኳቸው።

አደይ የትግርኛ ጉሮሮ አላቸው፣ የሆላንዶቹን ቃል እንደ ራሳቸው አድርገው አወጡት። "ኸዶኸን ነው የሚሉት" አሉኝ። እኔ የሰማሁት "ከድነን ነው የሚሉት" የሚል ነው። አደይ በአማርኛ የተረጎሙልኝ መሰለኝ። ከድነን እንለፈው፣ ድስት እንደሚከደን፣ የሰው ገመና እንደሚከደን። በዚያም ደስ አለኝ። ሆላንዶች ምን ያህል እንደኛ ናቸው አልኩ። እኛ ስንት ነገር ነው ከድነን የምንኖረው፣ ሁሉም እያወቀው።

"ለሰውየው ደግሞ ንገሪው" አሉኝ አደይ፣ በሩን ሲዘጉ። "ኖርዌይ ሆላንድ አይደለችም በይው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መክደን ጀመርኩ።

ልጄ በረንዳ ላይ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ስትዘጋ፣ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት እጠብሳለሁ። ለወጥ አይደለም፣ ለሽታ ነው። ከጎናችን ያሉት ሰዎች ሽንኩርቱን ብቻ እንዲሸታቸው። ቀይ ሽንኩርቱ ወጡ ሳይሠራ ያልቃል። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ የጎረቤት ሴትዮ "ቤታችሁ ሁልጊዜ ጥሩ ይሸታል፣ እንዴት ብዙ ታበስያለሽ" አለችኝ። ፊቷን አጠናሁት፣ የምታሾፍ አትመስልም። እኔ ግን ሽንኩርቱ ራሱ ያጋልጠን ይሆን ብዬ ለሳምንት ወደ ነጭ ሽንኩርት ዞርኩ።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲመጡ ኮቷን ከመስቀያው አንስቼ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ እከታለሁ። ስትጠይቀኝ "ቆሽሾ ነበር" እላለሁ። በረንዳው ላይ የወደቀውን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ ሄልስፊር ድረስ ይዤ ሄጄ እዛ እጥላለሁ፤ የራሳችን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይገኝ። በኋላ ሳስበው ወንጀለኛዋ እኔ ሆኜ ነበር፤ ከሰፈር ሰፈር የማመላልስ። ያኔ ግን አልታየኝም። ስትገባ ስትወጣ ኮቷን አሸታለሁ። ያልሸተተ ቀን እፎይ እላለሁ፣ የሸተተ ቀን ሽንኩርት እልጣለሁ። አንድ ቃል ግን አልተነፈስኩም። እሷም አልተነፈሰችም። ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ከረምን።

ልምምዷ ከመጀመሩ በፊት ተማሪዎቹን ላምበርትሴተር ጠርተዋቸው ነበር፣ ቤቱን እንዲያዩ፣ ሥራው እንዲገለጽላቸው። ያን ቀን ስትመለስ ሄልስፊር ወርዳ ጠበቀችኝ፣ አብረን ወደ ቤት ልንሄድ። ከሥራ ወጥቼ ወደ ባቡሩ ስወርድ መድረኩ ላይ ቆማለች። ደስ ብሏታል። ስለ አንዲት አሮጊት ልትነግረኝ ጀመረች፤ እጇን ይዛ አለቅሽም ስላለቻት።

ያኔ ነው በደረጃው ሁለት ፖሊሶች ሲወርዱ ያየሁት። አንዷ ሴት ናት፣ ውሻ ይዛለች።

ጆሮዬ ተደፈነ። ልጄ ታወራለች፣ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እኔ ኮቷን ብቻ ነው የማየው።

"ኮትሽን አውልቂ።"

"ምን?"

"የኔ ዚፑ ተበላሽቷል፣ በረደኝ። የኔን ልበሺ።"

"እማ፣ እዚህ መሃል? ምን ሆነሻል?"

"አውልቂው አልኩ!"

ልጅ ሆና መኪና መንገድ ልትገባ ስትል የምጮህባት ድምፅ ነበር የወጣኝ። አወለቀች። የኔን ወረወርኩላት፣ የሷን ለበስኩ። እሷ ቀጭን ናት፣ ኮቱ እኔ ላይ አልገጥም አለ፤ እጅጌው ክንዴ ላይ ቀረ፣ ደረቴ ላይ አልዘጋ አለ። እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ቆርቆሮው አለ። ጨበጥኩት።

ውሻው መጣ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሥራውን የሚያውቅ። ከእኛ ቀጥሎ አንድ ልጅ በጋሪ ተቀምጦ ቋሊማ ይበላ ነበር፣ ግማሹ መሬት ወድቋል። ውሻው ያንን አሸተተና ዋጠው። የልጁ እናት ሳቀች፣ ፖሊሷም ሳቀች፣ ገመዱን ሳብ አደረገችና አለፉ። ፖሊሷ በአጠገቤ ስታልፍ "ሃይ" አለችኝ፣ ሰው ሲያፈጥባቸው እንደሚሉት። ቆርቆሮውን አጥብቄ ራሴን ነቀነቅኩ። ሄዱ። በሌላኛው ደረጃ ወጡ።

ባቡሩ መጥቶ ገባን። ኮት ሳንቀያየር ተቀመጥን። ልጄ በኔ የሥራ ኮት ውስጥ ጠፍታለች፣ እኔ በሷ ውስጥ ታፍኛለሁ።

"እማ" አለች ቀስ ብላ። "እጅሽን ከኪስ አውጪ።"

"ደህና ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ምኑን?"

እጄ ያለበትን ኪስ በዓይኗ አሳየችኝ። ቶየን ባቡር ስንቀይርም፣ ከባቡር ወርደን ስንሄድም እጄ እዛው ነበር። ጣቶቼ ሲላቀቁ ቆርቆሮው መዳፌ ላይ ክብ ምልክት ትቶ ነበር።

ቤት ገብተን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ቆርቆሮውን መሃላችን አደረግኩት።

"አንቺ ነሽ እንግዲህ ልትያዥልኝ የነበርሽው" አለች።

"እኔ ምን አለኝ? ወለል ለመጥረግ ንጹህ ወረቀት አይጠይቁኝም።"

"ይጠይቁሻል እኮ! እማ፣ አንቺንም ያባርሩሻል።"

ይሄን አላሰብኩትም ነበር።

"ደግሞ ያ ውሻ የዕፅ ውሻ መሆኑን በምን አወቅሽ? ዝም ብሎ ውሻ ሊሆን ይችላል።"

"ቋሊማውን እንዴት እንዳሸተተው አላየሽም?"

ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ አለቀሰች። ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀችኝ። አደይ ስለ ሆላንዶች እንደነገሩኝ አልኩ፤ እነሱም አይተው ይከድኑታል፣ ቃሉም ከድነን ነው፣ እኔም ኮትሽን እያሸተትኩ፣ ሽንኩርት እየጠበስኩ እንደዚያ አደረግኩ።

"ምንድን ነው ያለችሽ?"

"'ያሉሽ' በይ። ትልቅ ሰው ናቸው።"

"ሄርጉድ፣ የፈጣሪ ያለህ፣ እማ! እሺ፣ ምንድን ነው ያሉሽ?"

"ከድነን።"

ቃሉን አፏ ውስጥ አገላበጠችው። ከዚያ ገባት። "ኸዶኸን! እማዬ፣ ኸዶኸን እኮ ነው! የራሳቸው ቃል ነው፣ አማርኛ አይደለም። መክደን አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው።" እንባዋን በኔ ኮት እጅጌ ጠረገች፣ ገና አላወለቀችውም። "እዛ የሚከደን ነገር የለም። መብራት አለው፣ በር አለው፣ ስሙ ተጽፏል። ክልክል ነው ይሉሃል፤ አይተንሃል ይሉሃል፤ በዚህ በዚህ ብትሄድ እንተውሃለን ይሉሃል። ይናገራሉ። አንቺ ግን አልተናገርሽም። እኔ ሲገባኝ የኖረው እናቴ ሽንኩርት እንደምትወድ ነው።"

"ሽንኩርቱንስ አውቀሽ ነበር?"

"ሁሉም ሰው ያውቃል። ፎቁ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን እንደምታጨስ ጠየቅኳት። እንቅልፍ ነው አለች። ከሆላንድ ከተመለሰች ወዲህ ጭንቅላቷ አይዘጋም፤ ፈተናው፣ ልምምዱ፣ እኔ። "አንቺም አትተኚም" አለችኝ። "ግድግዳው ስስ ነው፣ ስትገላበጪ እሰማሻለሁ።" እኔ የማልተኛው በሷ ነው። እሷ የማትተኛው በከፊል በኔ ነው። ይሄን ስንነጋገር ቀላል ነገር ይመስላል፤ እዛ ለመድረስ ግን ውሻ አስፈለገ።

"በይ እንግዲህ" አልኳት። "እኔም እንደነሱ ልናገር። ክልክል ነው።"

"እሺ።"

"አይቼሻለሁ።"

"እሺ።"

"እዚህ ቤት ውስጥ አይጨስም፣ በረንዳውም ቤት ነው። ላምበርትሴተር ስትሄጂ ኪስሽ ውስጥ አይኖርም። ስጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።"

"አንቺም ኮቴን አታሸቺም። ኪሴ አትገቢም።"

ይሄኛው ከበደኝ። እሺ አልኩ፣ ግን አንድ ነገር ቀረኝ። አደይ የነገሩኝ የጓሮ በር ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

"ከማን ነው የምትገዢው?"

ቆርቆሮውን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

"እዛ ሱቅ ነበር፣ መብራት ነበረው አልሽኝ። እዚህስ?"

"መሃል ከተማ ወንዙ ዳር የሚቆሙ ሻጮች አሉ።"

"ስማቸውን ታውቂያለሽ?"

"ናይ፣ አላውቅም።"

"እነሱ ሲያዙ ስልካቸው ውስጥ ቁጥርሽ ይገኛል?"

ጠረጴዛውን አየች። ሆላንድም በዚህ ነገር እንደሚጨቃጨቁ ነገረችኝ፤ አንዳንድ ከተሞች በሕግ እንዲበቅል መሞከር ጀምረዋል፣ የጓሮ በሩም መብራት እንዲኖረው። ጥሩ ነው፣ ይሞክሩ አልኩ። ወንዙ ዳር ግን እስካሁን መብራት የለም። እዛ የሚቆመው ሰው ምን እንደሚፈራ፣ ማን እንደላከው፣ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም።

"የፊት በሩን እችለዋለሁ" አልኳት። "አጭሰሽ ብትመጪ፣ ብትነግሪኝ፣ እያቃጠለኝም ቢሆን እችለዋለሁ። የጓሮ በሩን ግን አልችልም። እዛ ሰው ዘንድ መሄድሽን አልችልም።"

"እማ፣ እሱ ከሌለ እኮ ማጨሱም የለም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ይሄ ኸዶኸን አይደለም። መከልከል ነው።"

"እኔ ሆላንዳዊት አይደለሁም።"

ኮቴን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ክፍሏ ገባች። በሩን አልደበደበችም፣ ግን ዘጋችው። ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አልነካሁትም። ጠዋት ስነሳ የለም። የት እንዳደረሰችው አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት ሌላ ነው።

"አጭሰሻል?"

"ያ" አለች፣ ዳቦዋን እየቀባች። "የነበረችውን። ከታች፣ ውጭ ወጥቼ።"

ልጄ አፍ አውጥታ እንዲህ ስትለኝ መስማት ሽንኩርት እንደ መጥበስ አይደለም። ሻይዋን ቀዳሁላት። ዋሽታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ አውቶቡስ ስጠብቅ ግን አይሻለኝም አልኩ።

በዚያው ሳምንት እንቅልፉን ለሐኪሟ ነገረች። እኔ ሐኪሟ ለፖሊስ ትደውላለች ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ። አልደወለችም። እንቅልፍ ላጣ ሰው የሚደረገውን ነገረቻት፣ ሌላ ቀጠሮ ሰጠቻት፣ አለቀ። የፖሊሱ ወረቀትም መጣ። ንጹህ። ልጄ ስልኳ ላይ አሳየችኝ፣ ሁለት ጊዜ አስነበብኳት።

አሁን ላምበርትሴተር ትሄዳለች። ያቺ አሮጊት አሁንም እጇን ትይዛታለች። አደይ ስለ "ሰውየው" አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል፤ "ያ ሰውዬሽ እንዴት ነው?" ይላሉ፣ ዓይናቸው እየሳቀ። "ደህና ነው፣ ሥራ ጀምሯል" እላቸዋለሁ።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ፖሊስ ሳይ አሁንም ቀጥ ብዬ ነው የምራመደው። መጠየቁንም ዕለት ዕለት አልጠይቅም፣ እንደዚያማ ብጠይቅ እኔም ፖሊስ እሆናለሁ። ትናንት ግን ከሥራ ስትገባ ፊቷ የደከመ መሰለኝ፣ ዓይኗ ቀላ አለብኝ። ኮቷን ሰቅላ እጇን ልትታጠብ ገባች። እኔ መስቀያው አጠገብ ነበርኩ፣ በጣም አጠገብ።

"አጭሰሻል?" አልኳት፣ ከውኃው ድምፅ በላይ።

"ናይ፣ እማ። መጦሪያው ውስጥ አንድ ሰው ሞቶብን ነው። አልቅሼ ነው።"

ኮቱ ፊቴ ላይ ነው ያለው። እጅጌው ትከሻዬን ይነካል። ትንፋሼን ያዝኩና አልፌው ወደ እሷ ሄድኩ።